ተሳቢው ብቻውን ይሻገራል

አጎቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጅቡቲ መስመር ላይ ነው። አሁን መሪውን ለልጃቸው አስረክበው ቤት ተቀምጠዋል። ስልክ ስንደዋወል ጤና ከተጠያየቅን በኋላ ወሬው ዞሮ ዞሮ መኪና ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ሮተርዳም አካባቢ በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ የጭነት ፕሮግራም አወጣለሁ። የትኛው ተሳቢ በየትኛው መርከብ ይሄዳል፣ ማን ወደብ ያደርሰዋል፣ እንግሊዝ ሲደርስ ማን ይረከበዋል፤ እንጀራዬ ይኼ ነው።

አንድ ቀን ሥራዬን በዝርዝር ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ቆይ ቆይ» አሉኝ።

«ሹፌሩ ተሳቢውን ወደብ ላይ ፈትቶ ወደ ቤቱ ይገባል ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«መርከቧ ላይ አብሮት የሚሄድ ሰው የለም?»

«የለም። ማዶ ላይ ሌላ ሹፌር ይጠብቀዋል።»

«ታዲያ ዕቃውን ማን ይጠብቀዋል?»

ካሜራ አለ፣ ማሸጊያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ አልኳቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉኝና ወደ ዘመድ ወሬ አለፉ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። በማግስቱ ቢሮ ቁጭ ብዬ ተሳቢዎቹን በስክሪኑ ላይ ሳይ ጥያቄው ተመልሶ መጣ።

እስቲ አስቡት። በጅቡቲ መስመር ሹፌር ማለት መሪ የሚይዝ ሰው ብቻ አይደለም። ዘበኛ ነው። ሰነድ ያዥ ነው። ጎማ ቀያሪ ነው። ጋላፊ ላይ ወረፋ ይይዛል። ሚሌ ላይ በዚያ ሙቀት ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ሌሊት ሸራው እንዳይቀደድ፣ ነዳጁም እንዳይቀዳ በአንድ ዓይኑ ይተኛል። መኪናው ከቆመ እሱም ቆመ ማለት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ ዕቃው የሚከበረው አጠገቡ ሰው ስላለ ነው። አጎቴ በሙሉ የሥራ ዘመናቸው ያ ሰው ነበሩ። የእህታቸው ልጅ ከአውሮፓ ደውሎ ያ ሰው የማያስፈልግበት አገር አለ ሲላቸው ባይዋጥላቸው አይፈረድባቸውም።

ወንበሩ የሚዞር መኪና

ከሮተርዳም ዝቅ ብሎ ፍላርዲንገን የሚባል ቦታ አለ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወደ ኢሚንግሃምና ፊሊክስቶ፣ የጭነት መርከቦች ይነሳሉ። ከዩሮፖርት ወደ ሃል፣ ከሁክ ፋን ሆላንድ ወደ ኪሊንግሆልም የሚሄዱም አሉ። ከቤልጂየሙ ዜብሩገም እንዲሁ። ለውቅያኖስ መርከቦች ይኼ ርቀት ርቀት አይባልም። ማታ ተነስተው በማግስቱ ይደርሳሉ።

አንድ ሹፌር ተሳቢ ሲያስረክብ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። በሩ ላይ ካሜራዎች የተሳቢውን አራቱንም ጎን ያነሳሉ። የተቀደደ ሸራ፣ የተጎዳ በር፣ የማሸጊያው ቁጥር፣ ሁሉም ይመዘገባል። ከዚያ የማቆሚያ ቁጥር ይሰጠውና ሄዶ ያቆማል። ይወርዳል። የተሳቢውን እግሮች በእጅ ማዞሪያ እያሽከረከረ መሬት ያስነካል። ቀዩንና ቢጫውን የአየር ቱቦ ይነቅላል። የመብራቱን ገመድ ይነቅላል። መቆለፊያውን ይስባል። ቀስ ብሎ ወደፊት ሲነዳ የመኪናው ጭንቅላት፣ ሞተሩና ሹፌሩ ያሉበት የፊቱ ክፍል፣ ከሳጥኑ ሥር ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሲጋራ አጭሶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አይፈጅም። ከወደቡ የሚወጣው ወይ ከእንግሊዝ የመጣ ሌላ ተሳቢ ይዞ፣ ወይ ባዶውን ነው። ማታ ራቱን ከልጆቹ ጋር ይበላል።

ከዚያ በኋላ የወደቡ ሠራተኞች ይመጣሉ። የሚነዱት አጭርና ወፍራም መጎተቻ ነው። የሹፌሩ ወንበር ከነመሪው ወደ ኋላ ይዞራል፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ ተሳቢን ወደ መርከብ ሆድ በግፊት ማስገባት ነው። አንገቱን አጣሞ በመስታወት ከማየት ይልቅ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይነዳል። ተሳቢውን እግሩን ሳያጥፍ ከነቁመናው ብድግ አድርጎ ያነሳዋል። ውስጥ ሲደርስ ከፊት በኩል የብረት ፈረስ የሚባል መደገፊያ ይደረግለታል፣ በሰንሰለትም ከወለሉ ጋር ይታሰራል። በሁለት ተሳቢዎች መሃል ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ማቀዝቀዣ ያላቸው ከመርከቧ መብራት ይሰካላቸዋል። ከነሱ በአንዱ ውስጥ ባቱ ተቆርጦ፣ በአውሮፕላን መጥቶ፣ አልስሜር ገበያ ላይ የተሸጠ የኛ አገር ጽጌረዳ ሊኖር ይችላል። እሱም ብቻውን ነው የሚሻገረው።

ተሳቢ ብቻ አይደለም። በነዚህ መስመሮች ላይ ባለ 45 ጫማ ኮንቴይነርም ሞልቷል። ከቻይና ከሚመጣው ባለ 40 ጫማ በትንሹ ሰፋ ያለ ነው። ያቺ ትንሽ ስፋት የአውሮፓን ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበትን የእንጨት መደብ) ሁለት ሁለት አድርጎ በልክ ለመደርደር ታስባ የተጨመረች ናት። ስለዚህ 33 ፓሌት ይይዛል፤ አንድ መደበኛ ተሳቢም የሚይዘው 33 ነው። ደንበኛው በየትኛው እንደመጣለት ግድ የለውም።

ሆቦከን ላይ ወረፋ የያዘው ሹፌር

ነገሩን ሳገላብጥ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። ኮንቴይነር ሲባል ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ግዙፍ መርከብ ነው የሚታየን። አጀማመሩ ግን በባሕር ዳርቻ ጉዞ ነው። የጀመረውም መርከበኛ ሳይሆን የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ማልኮም ማክሊን የሰሜን ካሮላይና ሰው ነው። በኋላ ራሱ እንዳወራው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ጥጥ ጭኖ ኒው ጀርሲ ሆቦከን ወደብ ደረሰና ቀኑን ሙሉ ተገተረ። የወደብ ሠራተኞች እያንዳንዱን ጥቅል ከመኪና አውርደው፣ በገመድ አስረው፣ መርከብ ላይ ሲሰቅሉ አየ። ሳጥኑን እንዳለ ማንሳት ቢቻልስ ብሎ አሰበ። በ1950ዎቹ የብዙ መኪናዎች ባለቤት ሲሆን ደግሞ አውራ ጎዳናው ተጨናነቀበት። የመጀመሪያ ሐሳቡ ተሳቢዎቹን ከነጎማቸው መርከብ ላይ ጭኖ፣ የባሕር ዳርቻውን ይዞ ወደ ደቡብ ማውረድ ነበር። ከዚያ ጎማው ቦታ ማባከኑን አየና ሳጥኑን ከጎማው ለየው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የምትባል መርከብ 58 ሳጥኖች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተነሳች። በተለመደው መንገድ አንድ ቶን ለመጫን 6 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር። በሳጥን ሲሆን 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም።

ሰው ሁሉ ይቺን 16 ሳንቲም ይጠቅሳል። እኔን የገረመኝ ግን ወረፋው ነው። አጎቴም ወረፋ ላይ ውለው አድረዋል፤ ከማክሊን በብዙ እጥፍ። ልዩነቱ፣ ማክሊን መጠበቁን እንደ ኪሳራ ቆጠረው። አጎቴ ግን እንደ ሥራው አካል ነው የቆጠሩት። የቆጠሩትም እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ጫኙም፣ አስጫኙም፣ መንግሥትም እንደዚያው።

ገና በኬንት

ሐሳቤን የቀየረው የታኅሣሥ 2020 ሰሞን ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) እሑድ ማታ ነበር፣ ታኅሣሥ 20። ተረኛ ነበርኩ። እንግሊዝ ውስጥ አዲስ የኮሮና ዝርያ ተገኘ ተባለና ፈረንሳይ ድንበሯን ለ48 ሰዓት ዘጋች። ኬንት ውስጥ ወዳለው የዶቨር ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናዎች መደርደር ጀመሩ።

ከዶቨር ፈረንሳይ ካሌ የአንድ ሰዓት ተኩል ጉዞ ነው። እዚያ ሹፌሩ ከነመኪናው ነው የሚሻገረው። ስለሚፈጥን ብዙ ድርጅት ይወደዋል። የኛም ድርጅት ከፊሉን ሥራ በዚያ፣ ከፊሉን በሰሜን ባሕር መርከቦች ይልክ ነበር። ያን ቀን እንግሊዝ ውስጥ ከነበሩት ሹፌሮቻችን አንዱ ሩማንያዊ ነው። ገና ሳይደርስ ቤቴ እገባለሁ ብሎ ለልጁ ቃል ገብቷል። ማክሰኞ ስደውልለት ማንስተን የሚባል አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስገብተዋቸዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ማኮብኮቢያው ላይ ተደርድረዋል። ውሃ ጨርሷል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሲደርሱበትም አይገባም አለኝ። ሲኮች (የሲክ እምነት ተከታዮች) ትኩስ ምግብ አምጥተው ማከፋፈላቸውን ነገረኝ። ከሱ ስሰማ ተረት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ በዜና አየሁት፤ ካልሳ ኤይድ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅታቸው ነው። ረቡዕ ድንበሩ ተመርምሮ ነፃ ለሆነ ሹፌር ተከፈተ። ወታደሮች እየዞሩ ናሙና ወሰዱ፣ ከፈረንሳይም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለእርዳታ መጡ። ብዙ ሹፌር ግን ገናን እዚያው መኪናው ውስጥ አሳለፈ።

እገዳው ላይ አንድ ነገር ነበር። የተከለከለው ሹፌር ያለበት ጭነት ነው። ሹፌር የሌለው ተሳቢ አልተከለከለም።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። አንዱ ስክሪኔ ላይ የማንስተን መኪናዎች አልነቃነቅ ብለዋል። ሌላው ላይ በሰሜን ባሕር የሚሄዱት ተሳቢዎች ምንም እንዳልተፈጠረ መርከብ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ተሳቢ አይተነፍስም። አያስልም። ቤቱ የሚጠብቀው ልጅ የለውም። ስለዚህ ያልፋል። መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት ቁጣ ነበር። ዕቃ ከሰው በለጠ ማለት ነው? ሩማንያዊው ማኮብኮቢያ ላይ ይበርደዋል፣ የቲማቲም ሳጥን ግን ፕሮግራሙን ጠብቆ ይሄዳል።

ትንሽ ቆይቼ ግን ሌላው ወገን ታየኝ። እነዚያ ብቻቸውን የሚሄዱት ተሳቢዎችም ሹፌር አላቸው። የታሉ? አንዱ ፍላርዲንገን አድርሶ ዶርድሬክት ቤቱ ገብቷል። ሌላው ኢሚንግሃም አጠገብ ነው የሚኖረው፣ ጠዋት ተነስቶ ይረከባል። መሪው በቀኝ በኩል በሆነ የእንግሊዝ መኪና፣ በለመደው መንገድ። ሁለቱም ባሕሩን አያዩትም። ሁለቱም በገና ቤታቸው ነበሩ። እንግዲህ ሰውን ከዕቃው መነጠል ዕቃውን ብቻ አይደለም ነፃ የሚያወጣው።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ በዶቨር በኩል የሚልከውን ቀነሰ። ከኮሮናው በላይ የገፋን የጥር 1 ቀን 2021 ነገር ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ የጋራ ገበያ ስትወጣ የጉምሩክ ወረቀት መጣ። ሹፌር ይዞት የሚሄድ ጭነት ወረቀቱ ከተበላሸ ድንበር ላይ ሰውም፣ ጭንቅላቱም፣ ሳጥኑም አብረው ይታሰራሉ። ብቻውን የሚሄድ ሳጥን ግን ማታውን ባሕር ላይ እያለ ወረቀቱ ይስተካከላል። ካልተስተካከለም ወደብ ላይ የሚጠብቀው ሳጥኑ ብቻ ነው። አይርላንዶችም ለእንግሊዝ መንገድ ጀርባቸውን ሰጡ። ጥር 2 ቀን ከአይርላንድ ሮስሌር ተነስቶ በቀጥታ ፈረንሳይ ደንከርክ የሚገባ መስመር ተከፈተ፣ አንድ ቀን ገደማ የሚፈጅ። ድሮ ሁለት አጫጭር ባሕር ተሻግረው በእንግሊዝ ምድር ያቋርጡ የነበሩት፣ ረጅሙን ባሕር መረጡ።

ሰውየው የት ገባ?

አጎቴ ይኼን ሁሉ ብነግራቸው፣ እሺ፣ ግን ማን ይጠብቀዋል የሚለውን አይተዉትም። ልክም ናቸው። ሰው አልጠፋም። ከዓይናችን ነው የራቀው። ሰንሰለቱን የሚያስረው፣ ማዕበል ሲነሳ ሌሊት ወርዶ የላላውን የሚያጠብቀው መርከበኛ አለ። በሩን የሚዘጋው ሰው አለ።

በሩን የምለው በምክንያት ነው። መጋቢት 6 ቀን 1987 «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የምትባል መርከብ ከዜብሩገ ስትወጣ የፊት በሯ አልተዘጋም ነበር። መዝጋት የነበረበት ሰው ተኝቷል። መዘጋቱን ማረጋገጥ የነበረበት ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ካፒቴኑ በሩ መዘጋቱን የሚያሳየው መብራት እንኳ አልነበረውም። ውሃው መኪና በሚቆምበት ወለል ላይ ሲፈስ የሚገድበው ግድግዳ የለም፤ ተሳቢ እንዲነዳበት ተብሎ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 193 ሰው ሞተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው። መርማሪዎቹም ጥፋቱን በተኛው ሰው ላይ ብቻ አልጣሉትም፤ ከኩባንያው አናት ጀምረው ነው የወቀሱት።

ደግሞ መጋቢት 17 ቀን 2022 አለ። ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ ወደ 800 የሚጠጉ መርከበኞቹን አስቀድሞ በተቀረጸ ቪዲዮ አሰናበተ። በምትካቸው በኤጀንሲ የመጡት በሰዓት በአማካይ 5.50 ፓውንድ እንደሚከፈላቸው የኩባንያው ኃላፊ ራሱ ለፓርላማ ተናገረ። በእንግሊዝ ምድር ላይ ያኔ ዝቅተኛው ደመወዝ 8.91 ነበር። ሹፌሩ ቤቱ እንዲያድር ያስቻለው ባሕር፣ ሌላውን ሰው ከሕጉ ውጪ አድርጎት ነበር። በትንንሾቹ የኮንቴይነር መርከቦች ላይም ሳጥን ማሰርና መፍታት የማን ሥራ ነው የሚል ረጅም ክርክር ነበር። ከጥር 2020 ጀምሮ ያ ሥራ የወደብ ሠራተኞች እንዲሆን በኅብረት ስምምነታቸው ገባ፤ መርከበኛው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ወደብ ሲደርስ ደግሞ ብረት እንዳይሸከም። አፈጻጸሙ ላይ አሁንም ይነታረካሉ።

ስለዚህ የኔ ሥራ ንጹሕ ነው አልልም። ከስክሪን ጀርባ ተቀምጦ ሰው የለበትም ማለት ቀላል ነው።

በእኛ መንገድ ቢሆንስ

እኛ ባሕር የለንም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን የነገሩ ቁም ነገር ባሕሩ አይመስለኝም። ቁም ነገሩ ሳጥኑ ሳይቆም ሰው እንዲለወጥ ማድረግ ነው። የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ይኼን ያደርጋል፤ ኮንቴይነሩ ሞጆና እንዶዴ ሲደርስ አብሮት ያደረ ሹፌር የለም። መኪናውስ? ሰመራ ደረቅ ወደብ አለ። የጅቡቲው ሹፌር እዚያ ድረስ አምጥቶ ቢፈታ፣ የአዳማው ሹፌር ከዚያ ቢረከብ፣ ሁለቱም ቶሎ ቤታቸው ይመለሳሉ።

እንቅፋቱ መጀመሪያ ብረቱ ነው። እኛ ጋ ብዙው መኪና የራሱ ጭነት አለው፤ ተሳቢው ከኋላው ይንጠለጠላል። አንዱ ባለ 20 ጫማ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ሌላው ተሳቢው ላይ። ጭንቅላቱን ነጥሎ መሄድ አይቻልም። ጭንቅላቱ ከሳጥኑ የሚለያይ መኪና አለ፣ ግን ባለንብረቱ ለሁለት ጭንቅላት ሦስት አራት ሳጥን መግዛት አለበት። አንዱ እየተጫነ፣ አንዱ እየተጓዘ፣ አንዱ ቆሞ እየጠበቀ። ሳጥን ሲጠብቅ ነዳጅ አይጠጣም፣ አይርበውም። ሒሳቡ የሚሠራው በዚህ ነው።

ከብረቱ የሚብሰው ክፍያው ነው። ኮንቴይነር ቢዘገይ በየቀኑ በዶላር ይቆጠራል። ዲመሬጅ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማይደነግጥ አስመጪ የለም። ሹፌሩ ሲዘገይስ? ጋላፊ ላይ ቢያድር፣ ጅቡቲ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ቢሰነብት ማን ይቆጥርለታል? እዚህ ያለን ውል ግልጽ ነው። ለመጫን የተሰጠው ሰዓት ካለፈ ደንበኛው በየሰዓቱ ይከፍላል። ሹፌሩም አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፣ ሳምንታዊ ሙሉ ዕረፍቱን ደግሞ መኪናው ውስጥ ማሳለፍ አይፈቀድለትም። መጠበቅ ዋጋ ሲኖረው ነው ሰው የማይጠብቅበትን ዘዴ የሚፈልገው። በነፃ የሚጠብቅ ሰው ካለ ማን ተጨማሪ ሳጥን ይገዛል?

አሁን መስመሩ ላይ ያለውን የአጎቴን ልጅ የሰመራውን ሐሳብ ጠየቅሁት። ቤቱ አዳማ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ይወደዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«አበሉስ?» አለኝ። «የሚከፈለኝ በደርሶ መልስ ነው። ሰመራ ላይ ፈትቼ ብመለስ ግማሹ ለሌላው ሊሆን ነው?»

«በቀን ቢከፈልህስ?»

«በቀን ከሆነ ነገ እጀምራለሁ። በጉዞ ከሆነ ግን አርፌ ጅቡቲ ድረስ እነዳለሁ።»

እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይኼንኑ ነው የምለው። ባለንብረቱን ደግሞ ገና አላናገርኩትም። እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የሳጥኑን ዋጋ ይሆናል።